ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማዕበል

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

አውቄ ነው የዋሸሁት። አምና ያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ልጄን ሰናይትን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክብኝ፣ «ግድግዳው ላይ ቀይ ዓይን ሰቅሎ ይሰግድለታል» ብዬ መለስኳቸው። ዓይን አለመሆኑን ሰናይት ቀድማ ነግራኛለች። እሱ የሚያጠናው፣ በጠፈር ቴሌስኮፕ የተነሳ የጁፒተር ፎቶ ነው፤ ቀዩ ከምድራችን የሚሰፋ የነፋስ ማዕበል ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለችኝ እሷ ብቻ ነች። እንዳትሄድብኝ ነው። ወሬው ግን ሰንበቴያችንን አዳረሰ፤ ሰውየውን «ባለ ዓይኑ» ይሉታል።

ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አባባ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ልጄን ልትወስድ መጣህ። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

ስልኩን አውጥቶ የዘንድሮውን ፎቶ ከአምናው ጎን አሳየኝ። ማዕበሉ ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ይነፍሳል፣ በየዓመቱ እያነሱ ይከታተሉታል፣ አሁን እየጠበበ ነው አለኝ። ደስ ብሎት ያስረዳል! ስሙን ላጠፋሁት ለእኔ! ትዕግሥቱ አበሸቀኝ። እግዚአብሔር እዚያም ነፋስን እንደሚያዝዝ እኔም አላጣሁትም። ይህን እያወቅሁ ነው ሰውየውን ጣዖት አምላኪ ያደረግሁት።

ሰንበቴው ገባሁ። ዳቦው ሳይቆረስ ተነስቼ፣ «ስለዚያ መምህር ያወራሁት ውሸት ነው፤ ፎቶው የማዕበል ነው» አልኩ።

አምና ሽማግሌ ሆነው የመጡት ጋሽ ተክሌ፣ «ታዲያ ምን አስዋሸህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን እንዳልቀር» አልኳቸው።

ስወጣ ሰውየው አሁንም ቆሟል። እጁን አልጨበጥኩትም፤ ዛሬም አልወደውም። «ሽማግሌዎችህን እንደገና ላክ» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።