ባልደረባሽ እንዴት ናት?

ጥር 6

እንደ ወትሮው ምንጣፉን ጠረግን፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልን፣ ተሰለፍን። የጁዶ ልብሴ ገና አልደረቀም ነበር። እርጥቡን ለበስኩት፣ አንገቴን ልጦኛል። ምን ይደረግ...

መምህሩ ከጫፍ ጀምሮ ጠየቀ። እዚህ ማሠልጠኛ ቤት ማንም ስለ ራሱ ሕመም አይጠየቅም። ጥያቄው “ባልደረባሽ እንዴት ናት?” ነው። ትከሻዋን ቢያማት፣ እንቅልፍ ብታጣ፣ የምትናገርላት አብራት የምትለማመደው ናት። ሰው ስለ ራሱ ይዋሻል ይላል መምህሩ። በመጣሁ ሰሞን ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ወድጄዋለሁ።

የኔዋ ሚጢጢ ናት። ስሟ ሌላ ነው፣ ቁመቷን አይቼ ያወጣሁላት ነው። ከአገር ቤት የመጣነው እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን አንድ ክፍል ሰጡን፣ ምንጣፍ ላይም አጣመሩን። “እትዬ ደህና ናት፣ ግን ታንኮራፋለች” አለች ዛሬ በነሱ ቋንቋ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም።

አላንኮራፋም።

ጥር 11

ጉልበቴ...

ሚጢጢን ልጥላት ስዞር እግሬ ምንጣፉ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ሰውነቴ ግን ዞረ። ውስጡ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ዓይኗ ፈጠጠ።

“እትዬ?”

“ምንም አይደለም። ቀጥይ።”

“ኧረ ሰምቼዋለሁ!”

“ቀጥይ አልኩሽ እኮ!”

ክፍላችን ስንገባ ሱሪው አልወጣ አለ፣ እብጠቱ ይዞት። ሚጢጢ ምግብ አብሳይዋን በረዶ ለምና አመጣችልኝ። ለምንሽ ነው ስትባል “ለጥርሴ” ብላለች።

ፈተናው የካቲት 26 ነው። ጥቁር ቀበቶ ካልያዝኩ አገር ቤት ማስተማር አይፈቀድልኝም። የሰፈሬ ሴቶች፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አትክልት ሻጯ፣ ሌሎቹም፣ ተምረሽ መጥተሽ አስተምሪን ብለው የላኩኝ ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለተኛ ዕድል ማን ይሰጠኛል?

“ነገ ሲጠይቅሽ ደህና ናት በይ” አልኳት።

በረዶውን ጉልበቴ ላይ አገላበጠች። ከዚያ “እሺ” አለች።

ጥር 12

“ደህና ናት።”

አልቀለደችም።

ጥር 17

ፋሻ ከሱሪው ሥር አጥብቄ አስሬ እሠራለሁ። ሚጢጢ ስትጥለኝ እንደ እንቁላል ነው የምታስቀምጠኝ። መምህሩ አየና ጮኸባት። “ምን እየሠራሽ ነው? ጣያት እንጂ!” በኔ ምክንያት ተሰደበች። ቀና ብላም አላየችኝ።

ምሳ ላይ ሳህኗን ገፋች። “ጠገብኩ።” ምኑን በልታ?

ከሰዓት መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንበብ የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ጋዜጣ ሲያነብ በትከሻው በኩል እያየሁ። እስከ ዛሬ ጣቴን መስመሩ ላይ ካላስኬድኩ ይጠፋኛል። ዛሬ ጣቴ አንድ ቦታ ቆሞ ቀረ። ሚጢጢ “ደህና ናት” ያለችበት ድምፅ... የት ነው የማውቀው?

ጥር 20

ተናገረች!

መምህሩ ጠየቀ፣ እኔ የተለመደውን ስጠብቅ “ደህና አይደለችም” አለች። ቀጭ ማለቱን፣ ፋሻውን፣ በረዶውን፣ ሁሉን ዘከዘከችው። እንባዋ እየወረደ። ሰው ሁሉ እያየ ሱሪዬን ወደ ላይ አስጠቀለለኝ። ጉልበቴን አንዴ ነካና ተነሳ። ከፈተናው ወጣሽ አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

በር ላይ ጠበቀችኝ። “እትዬ...”

“ከዳተኛ!” አልኳት።

ጥር 21

ሐኪሙ ጅማቱ ግማሹ ተቀድዷል አለ። አንድ መጥፎ አወዳደቅ ቢጨመርበት ኖሮ ተበጥሶ ያርፍ ነበር አለ። ክራንች ሰጡኝ። ሚጢጢ ቦርሳዬን ይዛ ከኋላ ከኋላዬ ስትል ዋለች። አንድ ቃል አላናገርኳትም። ልክ ናት አይደለችም ብሎ ማሰብም አልፈለግኩም።

ጥር 24

አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮርኒስ ሳይ መጣልኝ። “ደህና ናት” ያለችበት ድምፅ የራሴ ነው።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ደረቱን ሲይዘው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። “ለማንም እንዳትናገሪ፣ ካወቁ መኪናውን ይቀሙኛል” አለኝ። አለቃው አንድ ቀን ቤት ድረስ መጣ። “ባልሽ ከሳብኝ እኮ፣ ደህና ነው?” ሻይ እየቀዳሁለት “ደህና ነው” አልኩት። ባለቤቴ ከጥግ ጠቀሰኝ። ደስ ብሎት። ወር ሳይሞላ መንገድ ዳር መኪናውን አቁሞ መሪው ላይ ድፍት አለ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር አሉ።

ጎበዝ ሚስት ነበረች ይላሉ ስለኔ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሰማው ኖርኩ።

“አይ ጌታዬ፣ ደህና አይደለም” ብለው ኖሮስ? መኪናውን ይቀሙት ነበር። ያኮርፈኝ ነበር። እሱ ሲያኮርፍ ደግሞ አያድርስ ነው! ምግብ እንኳ በልጆች አስልኮ ነበር የሚቀበለኝ። አኩርፎኝ ያረጅ ነበር...

ያረጅ ነበር።

እኔ ላይ የወደቀውን ዝምታ አንስቼ ይህችን ልጅ አሸከምኳት። እሷ ግን ጣለችው። በዚያ ዕድሜዋ ከየት አመጣችው?

“ሚጢጢ” አልኳት ማታ።

“አቤት!” ፈጥና።

“ካንኮራፋሁ ቀስቅሺኝ።”

“ገና ዛሬ አመንሽ!” አለች። ከዚያ ትራሷ ውስጥ ተነፋረቀች። እኔም።

የካቲት 8

ልብሴን ለብሼ ምንጣፉ ዳር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ የሌሎቹን አወዳደቅ አያለሁ። ማየትም ልምምድ ነው ይላል መምህሩ። እንጃ...

ልብስ ሰፊዋ ደወለች። ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። “ጉልበትሽን ይዘሽ ነይ፣ ቀበቶውን እኔ እሰፋልሻለሁ! ጥቁር ጨርቅ ሞልቷል” አለችኝ። ሳቄን ለማቆም ተቸገርኩ።

የካቲት 25

ሚጢጢ ስትወድቅ የአንዷ ጉልበት ጆሮ ግንዷን መታት። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ተነስታ ሳቀች፣ ቀጠለች። በኋላ መታጠቢያ ቤት ስታስታውክ ደረስኩባት። ወጥታ እንደገና ልታስታውክ ተመለሰች። ክፍላችን ስንገባ መብራቱን አጥፊልኝ አለች።

“እትዬ በናትሽ... ነገ ፈተናዬን ልለፍ ብቻ። ደህና ናት በይልኝ።”

“ተኚ።”

“በይልኝ በይ!”

“ተኚ አልኩሽ።”

ታንኮራፋለሽ ብትለኝም ዛሬ የማንቀላፋ አይመስለኝም። ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

የካቲት 26

ለፈተናው ተሰለፉ። ወንበር ላይ ብሆንም ባልደረባዋ እኔው ነኝ። መምህሩ ወደኔ ዞረ። እሷም ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለችልኝ።

“ደህና አይደለችም” አልኩ። ጆሮ ግንዷን መመታቷን፣ ማስታወኳን፣ ሁሉንም። ከሰልፉ አወጣት።

ሐኪሙ አንጎሏ ተናግቷል አለ። ሌላ ምት ቢደገም ኖሮ ብሎ ጀመረና ወደሚጽፈው ወረቀት ተመለሰ። ለጥቂት ሳምንታት ከምንጣፍ ትራቅ፣ ትረፍ፣ ፈተናውን በሚቀጥለው ዙር።

መንገድ ላይ ከፊት ከፊቴ ሄደች። ክፍል ስንደርስ፦

“ብድርሽን መለስሽ፣ አይደል?”

“በይው እንደፈለግሽ።”

“ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ!”

ብርድ ልብሱን ተከናንባ ወደ ግድግዳ ዞረች። መጋረጃውን ዘጋሁላት። ሾርባ አመጣሁ። “አልፈልግም” አለች ከውስጥ። አጠገቧ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፣ ይህን ልጽፍ።

ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል።

አልዞርም። ታኩርፈኝ። እየበላች ታኩርፈኝ።