ከሰሌዳው የፋቅኋት አንድ ረድፍ

ሰኞ
ሰሌዳው አለቀ፤ የቢሮውን ግድግዳ ግማሽ ይዟል። ርዕስ ሰኞ፣ ቃለ መጠይቅ ማክሰኞ፣ እርማት ረቡዕ፣ ሐሙስ ጠዋት ማተምና ቴሌግራም ላይ መልቀቅ። በየሳምንቱ መውጣት ያለባትን አንዲት ወረቀት አምስት ሰው ሆነን በወር ሁለቴ እንኳ በቅጡ አውጥተናት አናውቅም። ከእንግዲህ በቃ።

"ማስነበብ" የሚለውን ረድፍ ፋቅሁት። እርማቱን የሚሠሩልን ጋሽ ኢድሪስ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ካረሙ በኋላ ወረቀቱን ይዘው ጀጎል ይገቡና ታሪኩ የተጻፈለትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው በገዛ ቋንቋው ያነቡለታል። "ይቺ ትቅርብኝ" ካለ ትቀራለች። ደግ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ቀን ይበላል። ስነግራቸው መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ" አሉ። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ
የዚህ ሳምንት ታሪክ የአለላ ስፌት ሰፊዋ የአይ ሩቂያ ነው። (ሰፈሩ እናት ለማለት "አይ" ነው የሚላቸው።) ሄኖክ ባለፈው ሳምንት አነጋግሯቸው ጽፎታል፤ ግሩም ነው። በተለይ አንድ ቦታ። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ሲዳሩ በሙሽራዋ እጅ ተሰፋ ተብሎ አማቶቻቸው ቤት የተሰቀለውን ትልቁን ስፌት የሰፉት አይ ሩቂያ ናቸው። የሙሽራዋ እጅ አልፈታ ብሎ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ርዕሱንም ከዚያው አወጣሁ።

ሄኖክ በሩ ላይ ቆሞ "እሳቸው እኮ ጋሽ ኢድሪስ ያነቡልኛል ብለው ነው ያወሩኝ" አለ።

"ለአንድ ሰው ብለን ሐሙስን አናሳልፍም" አልኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት፤ እዚህ ልጻፈው።

ሐሙስ
ወጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ፈረስ መጋላ ሱቆች ደርሷል፤ ቴሌግራሙንም ሰው እየተቀባበለው ነው። ለሁሉም ማኪያቶ ጋበዝኩ። ጋሽ ኢድሪስ ራሴን አሞኛል ብለው አልመጡም። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ ለምን እደብቃለሁ።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ የአይ ሩቂያ ልጅ ኑሪያ ቢሮ መጣች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም፤ ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ትናንት የወይዘሮ ዘሀራ ምራት ታሪኩን ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እንግዳ ባለበት፣ እሳቸውም ባሉበት። ወይዘሮ ዘሀራ ተነስተው ስፌቱን ከግድግዳው አወረዱና ለእህታቸው ላኩት። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም።

"እናቴ ሲያነቡልኝ አስቀራታለሁ ብላ ነው የተናገረችው" አለች ኑሪያ። "አንዴ ለሰው ተንፍሳው እንዲቀላት ነው እንጂ።"

ቴሌግራሙን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ስንት ቦታ ከተላከ በኋላ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የምለቅመው እንኳ የለኝም።

ቅዳሜ
ጋሽ ኢድሪስ ቤት ሄጄ አይ ሩቂያ ጋ አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳቸው።

"እኔ የማነበው ሳይወጣ ነው" አሉ። "ከወጣ በኋላ ያወጣው ሰው ይሂድ።" ግን እስከ በር ሸኝተውኝ "ስታነቢላቸው አትቸኩይ" አሉኝ።

እሳቸውንም ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ሳልጠይቅ ወጣሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

ከዚያ ቢሮ ገብቼ ረድፉን መልሼ ጻፍኩ። ማስነበብ፣ ሁለት ቀን። የሚመጣው ሐሙስ ባዶ ነው፤ ይሁን።

እሑድ
ሄድኩ። የተመለሰው ስፌት ጥግ ላይ መሬት ተቀምጧል፤ አልሰቀሉትም። ይቅርታዬን ጀምሬ ሳልጨርስ አይ ሩቂያ "ወረቀቱን ይዘሻል?" አሉኝ።

"ይዣለሁ።"

"አንብቢልኝ።"

ወጥቷል እኮ፣ አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ለእኔ ግን ማን አነበበልኝ?"

ቀስ እያልኩ አነበብኩ። ወስፌያቸውን ሳያስቀምጡ ሰሙ። የእናታቸው ስም ጋ ፈገግ አሉ። የአንድ ሰፈር ስም ተሳስቷል ብለው አረሙኝ፤ እኔም እርሳስ አውጥቼ አስተካከልኩ፣ የሚጠቅም ይመስል። የሙሽራዋ ስፌት ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"እዚህ ጋ፣ ልጄ ይቺ ትቅርብኝ እልሽ ነበር" አሉ።

ቀጥዪ አሉኝና እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ስጨርስ ስልካቸውን አንስተው እህታቸው ጋ ደወሉ። ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።

"እኔ ሄጄ ልለምናቸው?" አልኳቸው።

"አንቺ አሁን ተዪው" አሉ። አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ስወጣ እንደገና እየደወሉ ነበር።