የፍራሽ ስፖንጅ የበላው ባት

ውድ ላስቲክ፣

ይህን ወረቀት ስትከፍት መጀመሪያ «ማን ጻፈለት?» እንደምትል አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርት ገብቼ ጨርሻለሁ። ከክፍሉ የሚቀድሙኝ ሁለት ባልቴቶች ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ፊት ወንበር ስለያዙ ነው። መምህራችን «ስታነብም ትሮጣለህ እንዴ? አራት ነጥቡ ጋ ቆም በል እንጂ» ትለኝ ነበር። ፊደሌ ተንጋዶ ብታየው አትሳቅ፤ አንተም ስትሮጥ ግራ ትከሻህ ይንጋደዳል፣ ክለቡ ግን ደመወዝ ይከፍልሃል።

የላክልኝ ጫማ ደርሶኛል። እህትህ ከነካርቶኑ ፍራሽ ቤቱ ድረስ ይዛልኝ መጣች። «ለትልቁ ውድድር አሯሯጭ ሆኖ ይምጣልኝ ብሏል፤ ያለ አንተ ፍጥነቱ ይዘበራረቅበታል። እስከ ግማሽ መንገድ ይዘህለት ወደ ዳር ትወጣለህ» አለችኝ። እሷ ፊት ሳቅሁ። ጥሩ ልጅ ናት፣ በእሷ ላይ ምን አለኝ።

ጫማውን ሞከርኩት። ሶሉ ወፍራም ነው፤ ስረግጠው ትንሽ ይሰምጥና ወዲያው መልሶ ይገፋኛል። ከሥራ በፊት ዳገቱን ወጥቼ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ባቴን ብጫነው ምንም አላለኝም። በድሮው ጫማዬማ ረጅም ከሮጥኩ በኋላ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ፣ ፊቴን አዙሬ በኋላ በኩል ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያንን የፍራሽ ስፖንጅ አስቤ አፌ መረረኝ።

የሁለታችንም ጫማ ሶሉ አልቆ አስፋልቱ እግራችንን ሲጠዘጥዘን፣ «አንተ ፍራሽ ቤት እየሠራህ እኛ በባዶ እንቀጥቀጥ?» ያልከኝ አንተ ነህ። ከምርጡ፣ ከለስላሳው ስፖንጅ ቆርጬ ጫማችን ውስጥ በማስቲሽ ለጠፍኩት፤ የጫማው ክር ለማሰር አልደርስ እስኪል። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለህ «ሞተር፣ ደመና ላይ ቆሜያለሁ» አልክ። የሰፈር ሴቶች ቁመታችንን አይተው «ባለ ተረከዝ ጀመራችሁ ወይ?» እያሉ ሳቁብን። ቀስ ብለን ስንሮጥ እውነትም ደመና ነበር።

ከዚያ ማጣሪያው መጣ። ክለቡ የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እስከ ግማሹ የምመራው እኔ ነበርኩ፣ እሱን አትክድም። ከዚያ በኋላ ባቴ ጠጠረ። በረገጥኩ ቁጥር ቁርጭምጭሚቴ ይወላገዳል፤ አስፋልት ላይ ሆኜ ጭቃ ውስጥ የምሮጥ መሰለኝ። አጠገቤ ስታልፍ «አይዞህ ሞተር» አልከኝ። ያችን አይዞህ ይዤ ስኖር ነበር። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ «ጓደኛዬ ክለብ ገባ፣ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ጉራዬን እነዛለሁ፤ ማታ ደግሞ እግሬን እረግማለሁ። እናቴ «ልጄ፣ እግርህ በቃኝ ካለህ ምን ታደርገዋለህ» ስትለኝ አምኛት ነበር።

ጫማህ ሊደርሰኝ ጥቂት ቀን ሲቀረው አሠልጣኛችን ፍራሽ ሊገዙ መጡ። በመዳፋቸው ስፖንጁን ጫን ጫን እያደረጉ፣ «ይሄ ለእንቅልፍ እንጂ ለሩጫ አይሆንም ብዬ ነበር» አሉኝ።

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለጓደኛህ ነዋ። የማጣሪያው ዕለት ጠዋት ጫማውን አየሁበት። ይሄ ጉልበትህን ይውጠዋል እንጂ አይመልስልህም፣ እግርህ እንዳይወላገድ ሲታገል ጡንቻህ ያልቃል፣ አውጣው፣ ለሞተርም ንገረው አልኩት። የራሱንማ እዚያው ፊቴ ላይ ነው ልጦ የጣለው። አልነገረህም እንዴ?»

ምን ልበላቸው? «ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት» አልኳቸው። አየህ፣ እዚያም ሸፈንኩህ። የእሳቸውን ፍራሽ ስቆርጥ ግን አንዱ ጥግ ጠማማ ወጣ። እኔ ነኝ ያለ ቆራጭ፣ በአሠልጣኜ ፍራሽ ላይ ተዋረድኩ።

ያን ቀን መነሻው ላይ አጠር ብለህ ታይተኸኝ ነበር። ፈርተህ የኮሰስክ መስሎኝ ጀርባህን መታ መታ አደረግኩህ። አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ተመታህ።

እኔ ሥራ ላይ ስሆን አሠልጣኙ ያሉትን ሁሉ የምታደርስልኝ አንተ ነበርክ፤ የስልኬን መልእክት እንኳ የምታነብልኝ አንተ። ስለዚህ አልጠረጠርኩህም። ብትበልጠኝ ኖሮ እኮ ምንም አልነበረም፣ ተሸክሜህ ሰፈሩን በዞርኩ። አሁን ግን ትበልጠኝ እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። የወሰድክብኝ ክለቡን ብቻ አይደለም፣ ይህን ማወቁንም ነው። ጫማው ይቅርታ መጠየቂያህ ከሆነ ደግሞ ስልኬን ታውቀዋለህ።

ለማንኛውም እመጣለሁ። ፍጥነቱን እይዝልሃለሁ፣ ነፋሱንም በዚህ ሰፊ ደረቴ እከልልልሃለሁ፣ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ እንደተባልኩት። ወደ ዳር ግን አልወጣም። አሯሯጭ እስከ መጨረሻው ቢሮጥ ይከለከላል ወይ ብዬ አሠልጣኙን ጠይቄያለሁ፤ «እግሩ ከቻለ ማን ይከለክለዋል» ብለውኛል። የእኔ እግር ይችላል። ጫማችንም አንድ ዓይነት ነው፣ በምንም ማሳበብ የለም።

ዝም ብዬ መጥቼ በመጨረሻው ቀጥታ ላይ ላስደነግጥህ አስቤ ነበር፣ አልዋሽህም። እኔ ያን ጠዋት መነሻው ላይ የቆምኩት ሳይነገረኝ ነው። አንተ ተነግሮህ ቁም።

ሞተር