ከቀዝቃዛው ወንዝ ወዲህ

ታዴ ሆዴ፣

ያለህበት ይመችህ። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ ጥቁሬን አውልቄ፣ ይኸው ሌላው ዓመት ተጋምሷል። ሰው ሁሉ ስምህን ሲያነሳ «ነፍሱን ይማር» ማለት ለምዷል። እኔ ብቻ አልሆነልኝም። አፌ አሁንም «ታዴ ሲመጣ» ይላል። ባለፈው እንኳ ማርታ ጫማዋ ሲበጠስ «ተይው፣ አባትሽ ሲመጣ ይሰፋዋል» ብያት ሁለታችንም ደንግጠን ቀረን።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ሐይቁ ሸሽቷል። ከሰፈራችን ከሙቱንጎ ቁልቁል ሲያዩት ውኃው ይደርስበት የነበረው ዳር ጭቃና ሣር ሆኗል፤ ጀልባዎቹ ደረቅ ላይ ተጋድመዋል። መብራቱም የሚጠፋው ግድቡ ውኃ አንሶት ነው ይላሉ፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ በማግስቱ የለም። ሃጂ ሰዒድ ለሱቁ ጄኔሬተር ገዝተዋል። አንተ ጨርቅ ትለካበት የነበረው ቦታ ላይ አንዲት የጅማ ልጅ ቆማለች። ሳልፍ አቀርቅሬ ነው የማልፈው። ማርታ በቁመት ትከሻዬ ደርሳለች። ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር በሉጋንዳ ታወራለች፤ ስትቆጣ በሁለቱም ነው።

ካርታው ግን እንደተሰቀለ ነው።

ግርማ የላከልህ ቀን እንዴት እንደሆንክ አልረሳውም። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ መጋረጃ ጋርደን አብሮን የኖረ ሰው፣ ተሳክቶለት አሜሪካ፣ ኔብራስካ ሲገባ፣ የኛም የስደተኝነት ጉዳይ እሱ ወዳለበት ካውንቲ ተመራ ሲባል፣ አንተ ከደስታ ይልቅ የያዘህ ጥያቄ ነበር። እሑድ እሑድ ሲደውል ስለ ደሞዝ፣ ስለ ቤት ትጠይቀዋለህ ብዬ ስጠብቅ «ወንዙ ወደየት ነው የሚፈሰው?» ትለዋለህ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከሥጋ ፋብሪካ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥጋ ፋብሪካ ነኝ። ወንዝ መቼ አየሁ?» ይልሃል።

መጨረሻ ላይ ሲሰለቸው ከነዳጅ ማደያ ካርታ ገዝቶ ላከልህ። ኮምቦልቻ ላይ ጂኦግራፊ ስታስተምር ያልታየብህ ትዕግሥት ያን ጊዜ መጣብህ። ከሥራ ገብተህ እጅህን ሳትታጠብ ግድግዳው ፊት ትቆማለህ፤ ማርታን ከፊትህ ታቆማታለህ፤ ጉሮሮህን ትጠርጋለህ።

ካውንቲ ማለት እንደኛ ወረዳ ነው ብለህ ነበር የጀመርከው። በሰሜን ሜዳው ላይ የጀርመን ገበሬዎች ልጆች። በምሥራቅ ቼኮች፤ ቅድመ አያቶቻቸው ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን ከበቆሎው በላይ ከሩቅ ይታያል። መሐል ላይ ዋናው ከተማ ብሬከር፤ ግርማ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ሜክሲኮዎችና ሱዳኖች ጎን ለጎን ቆመው ሥጋ ይቆርጣሉ። በደቡብ ወንዙ፤ ስሙን ተርጉመህ «ቀዝቃዛ ውኃ» አልከው። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ከሁሉ በፊት የአገሩ ባለቤት የነበሩት ሰዎች፣ ተገፍተው የሰፈሩበት መሬት።

«አየሽ የሺ፣ ከነሱ በቀር ሁሉም መጤ ነው። ከየት መጣሽ ብሎ የሚያሳፍርሽ የለም» አልከኝ።

«የተገፉትስ ቢጠይቁኝ?» አልኩህ።

ከዚያ በኋላ ጣትህ ያን ወንዝ ሲሻገር ቀስ ይል ነበር።

ከሁሉ የከፋችው ግን ኤልሞር ናት። ባቡሩ መቆም ሲተው፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሰዉ ለቆ የወጣባት ከተማ። የእህል ጎተራውና መካነ መቃብሩ ብቻ ቀርተዋል አለህ ግርማ፤ ልጆቻቸው ሩቅ ከተማ ይኖራሉ፣ ሲሞቱ ግን ተመልሰው የሚቀበሩት እዚያው ነው አለህ። ያን ቀን እራት አልበላህም። «ሙት ብቻ የሚመለስበት ከተማ» እያልክ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልክ። እኔ ደግሞ ተናድጄ፣ «ገና ሳንሄድ መቃብር ትመርጣለህ እንዴ?» አልኩህ። ሳቅክ፤ ግን ዓይንህ አልሳቀም።

ከዚያ ወባው መጣ። ስንትና ስንት ጊዜ ይዞህ ሲለቅህ የኖረ ወባ ስለሆነ አልፈራሁትም ነበር። በዚህኛው ግን ወደ ጭንቅላትህ ወጣ። ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆነህ ነርሷን በእንግሊዝኛ፣ እንደ መንገደኛ በትሕትና፣ ወደ ብሬከር የሚወስደው መንገድ በዚህ ነው ወይ ብለህ ጠየቅካት። ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

«የት ነው እሱ? ሙኮኖ በኩል ነው?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ጠዋት ላይ እጄን ያዝከኝ። «የሺ፣ ደረስን። ድልድዩ ይሄ ነው። በረዶ ነው፣ ቀስ ብለሽ ርገጪ» አልከኝ። ጥርስህ በብርድ ይንገጫገጭ ነበር፤ እጅህ ግን እሳት ነው። ከዚያ ወዲያ ለእኔ አልተናገርክም። እኔ እስከ ዛሬ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የት ነው የደረስከው ታዴ?

ቀብርህ ሰው አልጎደለበትም። ሃጂ ሰዒድ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ቄሱ ፈቱህ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መካነ መቃብር፣ ስማቸውን ማንበብ በማልችላቸው ሰዎች መሐል አሳረፍንህ። ማረፍህን ግን እንጃ።

አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲጠፋ ነጠላ ጫማህ ይሰማኛል። ከበሩ ተነስቶ ካርታው ፊት ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ጣት ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚሰማው፣ ያ የምታውቀው ደረቅ ድምፅ። መጀመሪያ አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ኀዘን ነው አልኩ። አንድ ቀን ግን አከራያችን ማማ ናካቶ ከገመድ ላይ ልብሷን ስትሰበስብ ቆይታ በሬን አንኳኳች።

«ማማ ማርታ፣ እንግዳ አለሽ እንዴ? ግድግዳው ጋ ሰው በመስኮት አየሁ።»

ማንም እንደሌለ ስነግራት አላማተበችም፣ አልጮኸችምም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ባልሽ መንገድ ጠፍቶበታል» አለችኝ። «በኛ አገር ሰው የሚቀበረው አያቶቹ አጠገብ፣ በራሱ ሙዝ ሥር ነው። እነሱ ይቀበሉታል። ያንተን ሰው ማን ተቀበለው?»

በሉጋንዳና በእንግሊዝኛ ቀላቅላ ነው ያለችኝ፤ «ያንቺን» በማለት ፈንታ «ያንተን» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለአንተ ስጽፍ እጄ ስቶ። አልሰርዘውም። እዚያ መቃብር ውስጥ ካንተ ሌላ ላንተ ሰው የሚሆንህ ማን ነበር?

ይህን ለግርማ በስልክ ስነግረው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣ «የሺ፣ እኔም ጋ ይመጣል» አለኝ። ከሥራ ሲወጣ፣ መኪናው ውስጥ፣ ከጎኑ ባለው ወንበር። አያየውም፤ ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ «ይሄስ መንደር የማን ነው?» የሚል ይሰማዋል። እሱም ጮክ ብሎ ይመልሳል፤ የጀርመኖቹ፣ የቼኮቹ እያለ። አብሮት የሚሠራው ሱዳናዊ ከማን ጋር ነው የምታወራው ብሎ ከዚያ ወዲህ በሱ መኪና አልሄድም ብሎታል። «በሕይወት እያለ ወንዙን አላየሁለትም። አሁን በየሳምንቱ እወስደዋለሁ» አለኝና አለቀሰ።

እዚያም እዚህም ነህ ማለት ነው። ወይም የትም አይደለህም።

በዚህ መሐል የአሜሪካው ጉዳይ አልቋል፤ በእኔ ስም ተዛውሮ መጣ። እኔ ግን ላለመሄድ ወስኜ ነበር። ሃጂ ሰዒድን ላማክራቸው ሄጄ፣ «ሃጂ፣ እሱን እዚህ አፈር ውስጥ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አፈሩ የአላህ ነው፤ የትም ቢሆን አንድ ነው። ይቺ ልጅ ግን ያንቺ ናት» አሉኝ።

ይሄም አላሳመነኝም። ናካሴሮ ባለው የስደተኞች ቢሮ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ሰዎች ትምህርት ይሰጣል ተብሎ ስንጠራ፣ አልሄድም ብዬ ልነግራቸው ነው የሄድኩት። አስተማሪዋ ወጣት ናት፤ እያንዳንዱን ሰው የሚሄድበትን ቦታ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች። አንዱ «አሜሪካ» አለ፤ ሌላዋ «ብርድ አገር» አለች፤ ሰው ሳቀ። እኛ ጋ ስትደርስ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ማርታ ተነሳች።

ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ያንተን አጠራረግ። እጇን አየር ላይ ዘርግታ ከሰሜን ጀመረች። የጀርመኖቹን ሜዳ፣ የቼኮቹን ቤተ ክርስቲያን፣ ብሬከርን፣ ሜክሲኮዎቹንና ሱዳኖቹን፣ ወንዙን ጠራች። ወንዙ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀስ አለ። ይህን ማንም አላስተማራትም። ኤልሞርንም አላለፈቻትም። «እዚያ ሰው አይኖርም» አለች፣ «ግን የመቃብሩን ሣር የሚያጭድ ሰው አለ።» ታዴ፣ ድምፁ የሕፃን ነው፣ አነጋገሩ ግን ያንተው ነው። ተቀመጠችና በጆሮዬ «መሄድ አልፈልግም፣ ፈራሁ። ግን አባዬ ያሳየኝን ማየት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

አስተማሪዋ ወደ እኔ ዞራ «እናትየዋስ?» ስትለኝ፣ «አብሬያት እሄዳለሁ» አልኩ። ያኔ ነው ቤቱ ውስጥ ከቀረኸው ይልቅ፣ አጠገቤ በተቀመጠችው ልጅ ውስጥ የቀረኸው እንደሚበልጥ የገባኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ እንሄዳለን። ትናንት መቃብርህ ላይ መጥተን ሣሩን ነቃቀልን። ማማ ናካቶም አብራን መጣች፤ እየመጣሁ አየዋለሁ ብላ ድንጋዩን ነካ አድርጋ በቋንቋዋ ሰላም አለችህ። ሰምተህ ከሆነ መልስላት፤ ደግ ሴት ናት።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ክፍላችን ለሌሎች ተከራይቷል። ምባሌ ከሚባል ከተማ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ልጅቷ እርጉዝ ናት፣ ቀኗ ደርሷል። ከእኛ ጋር ለመምጣት ከቻልክ ና፤ ደክሞህ ከሆነም እዚያው አፈርህ ላይ ዕረፍ፤ እኔ በየጸሎቴ አነሳሃለሁ፣ ማርታም ስምህን ይዛ ታድጋለች፣ በየደረስንበት ደጅ አስቀድመን የምንናገረው ያንተን ስም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አትቅር። ብትጠይቃቸው አማርኛ አያውቁም፤ የሚመልስልህ የለም።

የሺ