ደለሉ ታጥቦ ሳያልቅ

ውድ እማዬ፣

በቅድሚያ ለአጎቴ ለኻሚስ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ የምታነብላት አንተ ነህና እባክህ ቀስ በል። ወደ በርታኛ ስትመልሰው ከራስህ አትጨምር፤ መጨረሻውንም ቀድመህ አትይ።

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያለሽበት ወርቅ ቦታ ኔትወርክ ስለሌለው ደብዳቤውን የምልክልሽ በሾፌሩ በጂራታ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከትናንት ጀምሮ ደስታ እግሬን መሬት አላስረግጥ ብሎኛል። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ግን የምናዘዘው ውሸት አለብኝ።

ወደ ወርቅ ቦታው ከመሄድሽ በፊት "አሶሳ ሄጄ አክስቴ ሳሊማን በሱቋ ላግዛት" ብዬሽ ከባምባሲ የወጣሁትን ታስታውሻለሽ? ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ አልመዘንኩም። የሄድኩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን መግቢያ ፈተና ልፈተን ነበር። አንቺ ሁልጊዜ "አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለልሽ፤ ዓርብ ዓርብ ቤትሽ ትገቢያለሽ" ትዪኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ወዲህ አንቺና እኔ ብቻ ነን። ካለፍኩ ጥዬሽ ልሄድ ነው፤ ከወደቅኩ ደግሞ በከንቱ ላስቀይምሽ ነው። ፈራሁ።

ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለትን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ልጅ ሆኜ ወንዝ ዳር ወስደሽኝ፣ ወርቅ በምታጥቢበት ገበቴ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አይቼ "አገኘሁ!" ብዬ ጮህኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ሲታጠብ ተራ ጠጠር ሆነ። ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። አንቺ ግን ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገሽ "ደለሉ ታጥቦ ሳያልቅ አገኘሁ አይባልም" አልሽኝ።

ትናንት ውጤት ወጣ። በሳሊማ ስልክ ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። አልፌያለሁ እማዬ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎኛል! ሳሊማ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት እሳት የተነሣ መስሎት ተሯሩጦ መጣ። እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝና ማልቀስ ጀመርኩ።

"ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?" አልኳት።

ሳሊማ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጎትታ አወጣች። በእኛ ሙቀት እንዲህ ያለውን የሚገዛ ማን አለ?

"እናትሽ ናት ያስቀመጠችልሽ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ወደ ወርቅ ስትሄድ። 'አዲስ አበባ ብርድ ነው አሉ። ካለፈች ስጪያት፤ ካላለፈች እንዳታሳዪያት' አለችኝ።"

ያቺ ሳሊማ ለማንም አልናገርም ብላ ወላሂ ብላልኝ ነበር! ግን እንዴት ልቆጣት? አንቺም አውቀሽ፣ ዝም ብለሽ ስትጠብቂ ነበር ለካ። ብወድቅ ደግሞ ማወቅሽን ሳትነግሪኝ ልትቀሪ። እማዬ፣ እንዴት እንደምወድሽ! ይህን የምጽፍልሽ ብርድ ልብሱን ደርቤ፣ ላብ እያጠመቀኝ ነው።

ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጂራታ ሐሙስ ይመለሳል፤ አብረሽው ነይ። ዱዓሽን ሳልቀበል መኪና አልሳፈርም።

ኻሚስ፣ እዚህ ላይ ቁም። ሴቶቹ ገበቴያቸውን አስቀምጠው ይስሙ። የቀረውን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት፦

እማዬ፣ ደለሉ ታጥቦ አልቋል። አገኘሁ!

ልጅሽ ሪም
አሶሳ፣ ከሳሊማ ቤት