ለአንዲት አቶም ብለን ዝም ያልነው

ውድ ጸጥታ፣

ይህን ቅጽል ስም ያወጡልህ የላብራቶሪው ልጆች ናቸው፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቼህ አላውቅም። በሰላምታ ልጀምር ብዬ ነበር። ተውኩት፤ በጣም ተናድጃለሁ።

ያቺን ምድር ቤት ያለች ክፍላችንን መቼም አትረሳትም። አቶምን በመርፌ ጫፍ እየዳሰሰ የሚያሳየን ማይክሮስኮፕ አንዷን የኮባልት አቶም ሲያነሳ ሊፍቱን አስቁመን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ነበር የምንሄደው። ትንሽ ንዝረት የቀኑን ልፋት ገደል ይከተዋል። ሳል ሲይዘኝ አፌን በሹራቤ አፍኜ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር፣ አንተ ጣትህን ከንፈርህ ላይ አድርገህ ትስቅብኝ ነበር። ያኔ እወድህ ነበር። ግን በምልክት እያወራን እንዴት ብዬ ልንገርህ?

ሐሳባችን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ በሆነ ሽፋን ላይ አቶሟን ከቦታ ቦታ እያዘዋወርን የማግኔትነት ጠባይዋን እንደፈለግን መቀየር ነበር። ሽፋኑ ዝቅ ያለበት ቦታ ስናስቀምጣት፣ ወዲያ ወዲህ ይል የነበረው ማግኔትነቷ አንድ አቅጣጫ ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ድምፅ ሳናሰማ ተቃቀፍን። ጽሑፋችን በሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ አንተም ትልቅ ቦታ ተጠርተህ ሄድክ። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው የሸኘሁህ።

ከሄድክ በኋላ በመርፌው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብለቅባት፣ ላይዋ ላይ ተለጥፎ የኖረ ሃይድሮጅን ተፈናጥሮ ሄደ። አቶሟ እዚያው ቦታዋ ላይ እንዳለች ወደ ድሮ ጠባይዋ ተመለሰች። ለካ የቀየራት ቦታው ሳይሆን ከማሽኑ ውስጥ አሟጠን ያላወጣነው ጋዝ ነው። ሌሎቹንም አቶሞች እንዲሁ ሞከርኳቸው፤ ያው ናቸው። ይህ የሁለታችንም ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። በዚህ አልተቆጣሁህም።

ይህን ልነግርህ ስደውልልህ ግን ምን አልክ?

"በቃ ወጥቷል እኮ፣ አታነካኪው። አንድ አቶም ናት፤ ማን ያያታል?"

ማን ያያታል! ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ዓመት ትንፋሻችንን የዋጥነው ለአንድ አቶም ብለን አይደል እንዴ?

ትናንት ደግሞ አንዲት የማላውቃት ተማሪ ደወለችልኝ። የእኛን ሙከራ ለመድገም ስትፍጨረጨር ከርማለች።

"ይቅርታ እህቴ፣ ላስቸግርሽ ነው። እምቢ አለኝ። አብረውሽ ጽሑፉን ያወጡትን ሰው ብጠይቃቸው 'እጅሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም' አሉኝ። አስተማሪዬም እሳቸውን አምኖ ሌላ ሥራ ፈልጊ እያለኝ ነው።"

የእሷ ማሽን ከእኛው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ የተረፈ ሃይድሮጅን የለበትም! እምቢ ያላት ለዚህ ነው፤ አንተም ይህን ታውቃለህ። እያወቅክ የሰው ልጅ እጇን እንድትጠላ አደረግህ። ይህን የት አባትህ ተማርከው? እኔ የማውቀው ሰው መርፌ በሰበርኩ ቁጥር "አይዞሽ፣ እንደገና" የሚለኝ ነበር። እሱን የት ጥለኸው ነው የሄድከው?

የፊታችን ሰኞ ልጅቷ እዚህ ትመጣለች። ሃይድሮጅኑ ሲሄድ በገዛ ዓይኗ ታያለች፤ መርፌውን የምትይዘው ራሷ ናት። ለመጽሔቱ የሚላከውን ማረሚያ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ከስሜ ጎን ለስምህ ቦታ ትቼልሃለሁ። ና፣ ፈርም፣ ፊት ለፊትም ይቅርታ ጠይቃት። ካልመጣህ በእኔ ስም ብቻ ይሄዳል።

ጫማዋን በር ላይ እንድታወልቅ ነግሬያታለሁ። ያየችውን እንዳትናገር ግን አልነገርኳትም።

ያኔ ትወድህ የነበረችው
የሥራ ጓደኛህ