የሳራ ማስቲካ

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ዛሬ ከልጄ ከሳራ ጋር በወይን እርሻዎቹ መሀል በብስክሌት ስንሄድ ዋልን። ወይን የሚቀመስበት ቤት ጋ ስንደርስ ዞር ብላ አየችኝ። በእኛ ቸርች መጠጥ አይነካም። እንደምትጠጣ የማውቅ አይመስላትም።

«ግቢና እዪው፣ ብስክሌቱን እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት።

«ማሚ፣ አር ዩ ሹር?»

«ሂጂ እንጂ፣ አትነዝንዢኝ!»

ማስቲካ እያኘከች ወጣች። ከዚያ በኋላ መርከብ የሚያልፍበትን ትልቁን ቦይ ይዘን ስንነዳ ከኋላዬ ራቅ አለች። አንድ መርከብ ሲያልፍ ቆመን ስናይ እንኳ አልተጠጋችኝም።

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ጣላትና ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ወይኑ ሸተተኝ። እንዳትነቃ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም።

ነገ እህት አስቴር ቸርች ስታገኘኝ የት እንደዋልን መጠየቋ አይቀርም። ስለ መርከቡ እነግራታለሁ።